ምዕራፍ ስድስት፦ ሐውልቱን ማን ይመርጣል?

መቀሌ ሁለት ትልልቅ ምልክቶች አሏት። አንደኛው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ያሠሩት የድንጋይ ቤተ መንግሥት ነው። ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው ባለሙያ ጃኮሞ ናሬቲ ነበር። ሁለተኛው በ51 ሜትር ቁመቱ ከብዙ የከተማዋ ሰፈሮች የሚታየው የሰማዕታት ሐውልት ነው። በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አንዱ የንጉሥ ዘመን ሥራ ነው፣ ሌላው የትጥቅ ትግል መታሰቢያ። አንድ ነገር ግን ያመሳስላቸዋል፦ ምን ይቁም፣ የት ይቁም፣ ምን ይምሰል የሚለውን የወሰነው በየጊዜው ሥልጣን የያዘው ወገን ነው።

ከሁለቱ ምልክቶች ጎን ደግሞ ማንም ያላዘዘው ጥበብ አለ። ነሐሴ 16 ሲጠባ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ አሸንዳ የተባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየመንደሩ ይወጣሉ። ሠርግ በመጣ ቁጥር ጓይላ የሚባለው ጭፈራ ይደራል። የመቀሌ ጠራቢ ከአካባቢው ኖራ ድንጋይ የሚያቆመው ግድግዳ ከተማዋን ከሌሎች ከተሞች የሚለያት መልክ ሰጥቷታል። ለዚህ ሁሉ ትእዛዝ ያወጣ ቢሮ የለም። የኖረው ሰዎች ስለሚወዱትና ለልጆቻቸው ስለሚያስተምሩት ነው።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከታዘዘውና ካልታዘዘው ጥበብ መካከል ይነሣል። አንድ ከተማ ለጥበብ ምን ሊያደርግ ይችላል? በአደባባይ ለሚቆመው ሥራ ሕዝቡን እንዴት መራጭ ያደርገዋል? ሕዝቡ ራሱ ለሚሠራው ጥበብስ ሳይጫነው እንዴት ይደግፈዋል? ጥያቄውን ወደ መሬት ለማውረድ ከመቀሌ ክፍለ ከተሞች አንዱን፣ ዓዲ ሓቂን፣ እንይዛለን። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ግቢ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህም ወጣት ይበዛበታል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ግቢው በአየር ድብደባ መመታቱ በወቅቱ ተዘግቧል። ስለ አደባባይ ጥበብ ስንነጋገር ስለ ጌጥ ብቻ የምንነጋገር እንዳልሆነ ለመረዳት ይህ ይበቃል።

አደባባይና ገዢ

የኢትዮጵያ ከተሞች ሐውልቶች ታሪክ በአብዛኛው የመንግሥታት ታሪክ ነው። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተመረቀ። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ይህን ሐውልት ነቅሎ መሰወር ነበር። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ሰው በዙሪያው ይሰበሰባል።

የሌኒንን ሐውልት ደግሞ እናስታውስ። ደርግ በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ አቆመው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው በወጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነቀለ። በዚያው ዘመን በስድስት ኪሎ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልት ግን እስካሁን እዚያው አለ። የቆየው ሰው ስላከበረው ይሁን ማንም ትኩረት ስላልሰጠው ለመለየት ያስቸግራል።

የምኒልክ ሐውልትና የሌኒን ሐውልት ሁለቱም ከላይ በታዘዘ ቃል የቆሙ ናቸው። አንዱ ሕዝብ ዓመት ጠብቆ የሚመጣበት ሆነ፣ ሌላው ጠባቂ አጥቶ ወደቀ። ልዩነቱን የፈጠረው የነሐሱ ጥራት አልነበረም። የመጀመሪያው አድዋን ከመሰለ፣ በየቤቱ ከሚነገር ትዝታ ጋር ተገናኘ። ሁለተኛው በአላፊ አግዳሚው ሕይወት ውስጥ የሚይዘው ሥር አልነበረውም። ከላይ የሚታዘዝ ሐውልት እንዲህ በዕድል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሕዝቡ ሊቀበለውም ላይቀበለውም ይችላል፣ አስቀድሞ የጠየቀው ግን የለም።

ሌላም መንገድ አለን። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተጀመረው በተጎጂ ቤተሰቦችና ከሞት በተረፉ ሰዎች ጥረት ነው። ሲገቡ የሚያገኙት ፎቶግራፍ፣ ልብስና ዐፅም የአንድ ቤተሰብ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት የነበሩ ሰዎች ነው። ጎብኚዎችን ሲያስጎበኙ ከኖሩት መካከልም ያንን ዘመን በእስር ያለፉ ሰዎች ነበሩ። መታሰቢያው የማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል።

የጥበብ ኮሚሽን ምን ይሠራል?

በሌሎች አገሮች ብዙ ከተሞች ለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ተቋም አላቸው። የከተማ የጥበብ ኮሚሽን ይሉታል። የሳን ፍራንሲስኮን እንይ። ኮሚሽኑ በ1932 እ.ኤ.አ. በከተማዋ መተዳደሪያ ቻርተር ተቋቋመ። አባላቱን የሚሾመው ከንቲባው ነው፤ ሆኖም የተወሰኑት ወንበሮች ለሠዓሊ፣ ለሙዚቀኛ፣ ለአርክቴክትና ለመሳሰሉት ባለሙያዎች የተጠበቁ ናቸው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንም ነዋሪ ገብቶ መናገር ይችላል፣ ቃለ ጉባኤውም ይታተማል።

ሥራው በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው አዲስ የአደባባይ ጥበብ ማሠራት ነው። በዚያች ከተማ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንፃ፣ ድልድይ ወይም መናፈሻ በመንግሥት ገንዘብ ሲሠራ ከግንባታው ወጪ 2 በመቶ ለጥበብ እንዲውል ሕግ ያዛል። ፊላደልፊያ ተመሳሳይ ደንብ የጀመረችው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤት ሕንፃዎች የ1 በመቶ ሕግ አውጥታ ቀድማለች። የዚህ ዘዴ ብልኃት ገንዘቡ በየዓመቱ በልመና የሚገኝ አለመሆኑ ነው። ከተማ እስከገነባ ድረስ ጥበብም አብሮ ይሠራል።

ሁለተኛው ለአርቲስቶችና ለትንንሽ ማኅበራት በውድድር የገንዘብ ድጋፍ መስጠት ነው። ሦስተኛው ቦታ ማዘጋጀት ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በልዩ ልዩ ሰፈሮች አራት የባህል ማዕከል ሕንፃዎች አሏት። ሕንፃው የከተማው ነው፤ ውስጡን የሚያስተዳድሩት ግን የየሰፈሩ ማኅበራት ናቸው። አራተኛውና ብዙ የማይወራለት ሥራ ጥበቃ ነው፦ የከተማዋን ሐውልቶችና ሥዕሎች መመዝገብ፣ ማጽዳት፣ መጠገን።

ማንሳትም የሥራው አካል ነው። በዚያች ከተማ አንድን የአገሬው ተወላጅ በሚስዮናዊ እግር ሥር ወድቆ የሚያሳይ የ1894 እ.ኤ.አ. ሐውልት ነበር። የተወላጆቹ ዘሮች ለብዙ ዓመታት ሲቃወሙት ኖሩ። በመጨረሻ ኮሚሽኑ ክርክሩን በግልጽ ስብሰባ ሰምቶ፣ ድምፅ ሰጥቶ፣ ይግባኙም ታይቶ፣ ሐውልቱ በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ሁሉም ሰው አልተደሰተም። ነገር ግን ማን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነ በጽሑፍ አለ። ከሌኒን ሐውልት አነቃቀል ጋር ሲነጻጸር የሥርዓት ጥቅም በደንብ ይታያል።

ኮሚሽን የሚባለው ነገር ዋና ቁም ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ገንዘቡን የሚይዘውን እጅ ሥራውን ከሚመርጠው ዓይን ይለያል። ከንቲባ ይቀያየራል፣ ፓርቲ ይወጣል ይወርዳል። ከሁሉም በላይ የሚቆየው ነዋሪው ነውና ምርጫውም ከእሱ ዘንድ መሆን አለበት። ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እድር ገንዘብ ያዡን፣ ዳኛውንና ጸሐፊውን ለያይቶ ይመርጣል፤ ድንኳንና ሳህኑን ቆጥሮ ይረከባል፣ የተሰበረውን ያስተካክላል፣ አባላቱን በስብሰባ ይጠይቃል። በከተማ ደረጃ የምንፈልገው ይኸው ልማድ በሐውልትና በመድረክ ላይ እንዲሠራ ነው።

በእኛ አገር ሥራው የት ነው ያለው?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ለመንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት ሰጥቶታል። አንቀጽ 91 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን፣ ሳይንስንና ቴክኖሎጂን የማስፋፋት ግዴታ ይጥልበታል። ቅርስን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ የፈጠራ ሰውን መብት በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አሉ።

ሥራው በመንግሥት መዋቅር ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው። በፌደራል ደረጃ ለብዙ ዓመታት ባህልና ቱሪዝም አብረው ነበሩ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ባህልና ስፖርት ሆነዋል። አዲስ አበባ የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ አላት። በክልልና በከተማ ደረጃም ባህልና ቱሪዝም በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ይገኛሉ። ይህ ጥምረት የራሱ ዝንባሌ አለው። ቱሪዝም ጎብኚን ያስባል፣ ስለዚህ ባህልም በጎብኚ ዓይን መታየት ይጀምራል። በዓል ሲደርስ ጽሕፈት ቤቱ ይሯሯጣል፣ መድረክ ይተክላል፣ ባነር ይሰቅላል። በዓሉ ሲያልፍ የሰፈሩ ክራር ተጫዋች የሚለማመድበት ክፍል፣ ሠዓሊው ሥራውን የሚያሳይበት ግድግዳ ጉዳይ እስከሚቀጥለው በዓል ይተኛል።

የተሻለ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ አዲሱን ማዘጋጃ ቤቷን ስትሠራ፣ የቴአትር አዳራሽ የሕንፃው አካል ሆኖ ነበር የታቀደው። ነዋሪው ለቦታ ካርታና ለልደት ምስክር ወረቀት በሚሄድበት ግቢ ቴአትር ያያል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ1927 ዓ.ም. በአገር ፍቅር ማኅበርነት የተጀመረው የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤትም አንድ ነገር አስተምሮናል። ቋሚ መድረክና ቋሚ ደመወዝ ያለው ቤት ሲኖር ዘፋኝ፣ ተዋናይና የባህል መሣሪያ ተጫዋች በትውልድ ላይ ትውልድ ይወጣል። ጥበብ በቋሚ ቤት ውስጥ ያድጋል። በዓመት አንዴ በሚተከል ድንኳን ብቻ አያድግም።

የ1 በመቶው ስሌት

ሐሳቡን ወደ ዓዲ ሓቂ እናምጣው። ለምሳሌ ያህል በክፍለ ከተማው በ60 ሚሊዮን ብር አንድ ጤና ጣቢያ ይሠራል እንበል። ከተማው የ1 በመቶ ደንብ ቢኖረው 600 ሺህ ብር ለጥበብ ይለያል። ይህ ገንዘብ ትልቅ ሐውልት አያቆምም። የእናቶች መቆያውን ግድግዳ በሥዕል ለማልበስ፣ በግቢው ውስጥ በአካባቢው ድንጋይ የተጠረበ መቀመጫ ለማሠራት፣ ለባለሙያዎቹ ተገቢ ክፍያ ለመስጠት ግን ይበቃል። ገንዘቡ ከሕንፃው በጀት ጋር አብሮ ስለሚጸድቅ ኋላ ላይ ሌላ ፈቃድ አይለመንም።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። የመንግሥት ግዥ የለመደው ውድድር ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን መምረጥ ነው። ይህ ለሲሚንቶና ለወንበር ግዥ ሊሠራ ይችላል፣ ለሥዕል ግን አይሆንም። ርካሹን ሥዕል የመረጠ ኮሚቴ የሚያገኘው ርካሽ ሥዕል ነው። ስለዚህ ዋጋው አስቀድሞ ይወሰንና ውድድሩ በሐሳብ ላይ ይሁን። በመጀመሪያው ዙር ማንም ሰው ረቂቅ ያቀርባል፣ ስሙም ተሸፍኖ በቁጥር ይታያል። ከዚያ ሦስት ረቂቆች ይመረጡና ለባለቤቶቹ ሞዴል የሚሠሩበት ክፍያ ይሰጣቸዋል። ሞዴሎቹ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ በጤና ጣቢያው ወይም በገበያው አካባቢ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀመጣሉ። ነዋሪው ያያል፣ ይናገራል፣ ኮሚቴውም የሰማውን መዝግቦ ይወስናል።

ስምን መሸፈን ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ታሪክ በደንብ ያሳያል። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ለሞቱ ወታደሮቿ መታሰቢያ ልትሠራ ስትነሣ በ1981 እ.ኤ.አ. ግልጽ ውድድር ተካሄደ። 1,421 ረቂቆች ቀረቡ። ዳኞቹ የማንንም ስም ሳያዩ የመረጡት የ21 ዓመቷን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማያ ሊንን ሥራ ነበር፦ መሬት ውስጥ የገባ፣ ስም ብቻ የተጻፈበት ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ። ስሟና ዕድሜዋ ቢታይ ኖሮ ከታላላቆቹ ስሞች መካከል የመመረጥ ዕድሏ ጠባብ በሆነ ነበር። ዛሬ ከ58 ሺህ በላይ ስሞችን የያዘው ያ ግድግዳ ቤተሰቦች ጣታቸውን በስም ላይ የሚያሳርፉበት ቦታ ሆኗል። ተማሪ በሚበዛበት በዓዲ ሓቂም ስሟ ያልታወቀ ወጣት ከታወቀ ሰው ጋር በእኩል የምትወዳደርበት በር መከፈት አለበት።

አሸንዳን መደገፍ እንጂ መምራት አያስፈልግም

ሕዝቡ ራሱ ለሚሠራው ጥበብ የሚደረገው ድጋፍ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሸንዳ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። በዓሉ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል እየተባለ በፍልሰታ ጾም ፍቺ ይከበራል። ባለቤቶቹ ልጃገረዶች ናቸው። ዜማውን እነሱ ያወጣሉ፣ ግጥሙን እነሱ ይሞላሉ፣ በየቤቱ እየዞሩ ያገኙትን ስጦታ እነሱ ይካፈላሉ። በዓመቱ ውስጥ ሴት ልጅ ያሰበችውን በአደባባይ በዜማ የምትናገርበት፣ ያመሰገነችውን የምታመሰግንበት፣ የነቀፈችውን የምትነቅፍበት ጊዜ ነው።

ቢሮ ሲገባበት የሚፈጠረው ችግር ይታወቃል። በትልቅ ስታዲየም ይሰበሰባሉ፣ በተርታ ይሰለፋሉ፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ካሜራ ይቀርጻል። ከዓመት ወደ ዓመት የተመረጡ ጥቂት ዜማዎች ይደጋገማሉ። በየመንደሩ የነበረው ልዩነት፣ በየቡድኑ ይፈጠር የነበረው አዲስ ግጥም በትልቁ መድረክ ጥላ ሥር ይደበዝዛል። ትልቅ መድረክ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ልጃገረዶቹ ራሳቸው የሚኮሩበት ቀን ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ መድረኩ በዓሉን ሲተካ ነው።

ታዲያ ከተማው ምን ያድርግ? በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት የዓዲ ሓቂን የውስጥ መንገዶች ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነፃ ያድርግ። የመንገድ መብራት ያልበራበትን አስቀድሞ ይጠግን። ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ በቅርብ ያዘጋጅ። ልጃገረዶችን የሚያስቸግር ሰው ሲኖር የሚነገርበት ቦታና የሚሰማ ሰው ይመድብ፤ በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ የሴቶች ደኅንነት በትግራይ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሰፈር ቡድኖች ከበሮና ልብስ የሚገዙበት አነስተኛ ድጋፍ በቀላል ማመልከቻ ይስጥ፣ ምን እንደሚዘፍኑ ግን አይጠይቅ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተስማምቶ አዛውንት እናቶች የሚያስታውሷቸውን የድሮ ዜማዎች በድምፅ አስቀርጾ ያስቀምጥ፣ ቅጂውንም ለዘፈኑት እናቶች ይስጥ።

ይህ ሁሉ ለዓይን የማይታይ ድጋፍ ነው። ባለሥልጣን ቆሞ ፎቶ የሚነሣበት ሪባን የለውም። ጥሩ የባህል አስተዳደር የሚለካው ግን በዚህ ነው፦ በዓሉ ሲያምር ምስጋናው ለልጃገረዶቹ ይሄዳል፣ መብራቱ ባይበራ ኖሮ ግን ያ ምሽት አይደምቅም ነበር።

ከጦርነት በኋላ ምን ይቁም?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ ትግራይን፣ አማራንና አፋርን በሐዘን ሞልቷል። በመቀሌ የትምህርት ቤት ክፍሎች የተፈናቀሉ ሰዎች መኖሪያ ሆነዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ጥበብ መናገር ቅንጦት ይመስላል የሚል ሰው ይኖራል፤ ቃሉም ክብደት አለው። መጠለያ፣ ዳቦና መድኃኒት ይቀድማሉ።

ነገር ግን መታሰቢያ ሳይጠራ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ልጁን የቀበረም፣ የት እንደተቀበረ ያላወቀም ቤተሰብ አንድ ቀን ስሙን የሚያይበት ቦታ ይፈልጋል። ያ ቀን ሲደርስ ውሳኔው በችኮላና በጥቂት ሰዎች እጅ ከሆነ ሐዘኑ ራሱ የፖለቲካ ንብረት ይሆናል። ማን ሰማዕት ይባላል፣ ማን አይባልም? የታጣቂ ስም ብቻ ነው ወይስ የገበያተኛዋም? በረሃብና በመድኃኒት እጦት የሞቱትስ? የተደፈሩ፣ በሕይወት ያሉ ሴቶች ሕመም እነሱን ሳያጋልጥ እንዴት ይታሰባል? እነዚህን ጥያቄዎች ቀራፂ ብቻውን አይመልሳቸውም፤ ቢሮም ብቻውን አይመልሳቸውም።

እዚህ ላይ የቀይ ሽብር ሙዚየም የሰጠን ትምህርት ይጠቅማል፦ ቤተሰቦችን በመጀመሪያው ቀን አስገቡ። ንድፉ ካለቀ በኋላ ለአስተያየት መጥራት በቂ አይደለም፤ የውድድሩ ማስታወቂያ ሲጻፍ ጀምሮ መገኘት አለባቸው። መቸኮልም አያስፈልግም። ጊዜያዊ መታሰቢያ ሊቀድም ይችላል፦ የስም መዝገብ፣ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የሚደረግ የመታሰቢያ ቀን፣ የድምፅ ምስክርነት ስብስብ። ነሐስና ድንጋይ ሊጠብቁ ይችላሉ። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስሕተት ግን ትውልድን ያስቀይማል።

የግድግዳው ሥዕል የማን ነው?

የአደባባይ ጥበብ ከምርቃቱ ቀን ማግስት ጀምሮ ያረጃል። ፀሐይ ቀለሙን ይበላል፣ ዝናብ ልስኑን ያላቅቃል፣ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፣ ግድግዳው በአዲሱ የመንገድ ፕላን ይፈርሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በጀት የተወሰነ እጅ ለጥገና ተለይቶ ካልተቀመጠ ከተማው የሚገዛው የጥቂት ዓመት ደስታ ነው።

ከዚህ ጋር የመብት ጥያቄ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪ ሁለት ዓይነት መብት አለው። አንደኛው ከሥራው ገቢ የማግኘት ኢኮኖሚያዊ መብት ሲሆን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሁለተኛው ሞራላዊ መብት ነው፦ ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠቀስ፣ ክብሩንና መልካም ስሙን በሚጎዳ መንገድ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት። ግድግዳው የትምህርት ቤቱ ቢሆንም በላዩ ያለው ሥዕል የሠዓሊው አእምሮ ውጤት ነው። ጥሩ ውል ይህን አስቀድሞ ይመልሳል። ሥዕሉ ስንት ዓመት እንዲቆይ ይጠበቃል? ማን ያድሰዋል? ግድግዳው የሚፈርስ ከሆነ ሠዓሊው ከስንት ወር በፊት ይነገረዋል? ፎቶው ለማስታወቂያ ሲውል ማን ይፈቅዳል? ሁለት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ከየት ይጀመር?

የተሟላ ኮሚሽን ለማቋቋም የከተማ ምክር ቤት ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡ ሲወጣ ጥቂት ነገሮች ካልገቡበት ተቋሙ ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። የአባላቱ ዘመን የተወሰነ ይሁን፣ ሁሉም በአንድ ቀን የማይለቁበት ዘዴም ይኑረው፤ አንድ ሹም መጥቶ በአንድ ጊዜ እንዳይቀይራቸው። ወንበሮቹ ለአርቲስቶች፣ ለእድሮች፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ይከፋፈሉ፤ እጩውን የሚያቀርበው ያው ማኅበር ይሁን። ስብሰባው ክፍት፣ ማስታወቂያው በትግርኛ፣ ቃለ ጉባኤው የሚነበብ ይሁን። የፓርቲ መሪ ምስል በሥልጣን ላይ እያለ በሕዝብ ገንዘብ እንዳይቆም ይከልከል።

ክፍለ ከተማው ግን ያንን ሳይጠብቅ በያዘው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሥራ ሊጀምር ይችላል። አንደኛው መዝገብ ነው። በዓዲ ሓቂ ውስጥ ያለው ሐውልት፣ የግድግዳ ሥዕል፣ ታሪካዊ የድንጋይ ቤት፣ የመለማመጃ አዳራሽ፣ የአሸንዳ ቡድን፣ የክራርና የከበሮ ሠሪ፣ ጠራቢና ሠዓሊ ተቆጥሮ ይጻፍ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር የሚጨርሱት ሥራ ነው፤ በእጁ ያለውን የማያውቅ ከተማ የሚደግፈውንም አያውቅም። ሁለተኛው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረግ ክፍት ስብሰባ ነው። አርቲስቱ የጎደለውን ይናገር፣ ነዋሪው በሰፈሩ ማየት የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ይናገር፣ ጽሕፈት ቤቱም ባለፈው ስብሰባ ቃል የገባውን የት እንዳደረሰ መልስ ይስጥ።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የአደባባዩን ምርጫ ለአደባባዩ ሰው ለመስጠት መቁረጥ ነው። ነዋሪው በመረጠው ሐውልት ፊት ሲያልፍ የራሱን ውሳኔ ያየዋል፤ መንግሥት ሲቀየርም ሐውልቱን የሚጠብቀው እሱ ይሆናል።